ድሬን ያጨለመች ሩብ ዙር

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የሰብስቴሽኑን አዲስ መቆጣጠሪያ ክፍል እንድጎበኝ ተፈቀደልኝ። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ስክሪኑን አሳየችኝ። የትኛው መስመር እንደተበላሸ፣ ብልሽቱ ከጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሁሉንም ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ቀጥላም፣ የሪሌይ ልክ የቀየረ ሰው ካለ ስሙ ከነሰዓቱ ስለሚመዘገብ ነክቶ መካድ የሚባል ነገር እንደቀረ በኩራት ነገረችኝ። ጥሩ ነው አልኳት፤ ላቤ ግን በጀርባዬ ወረደ። ሙቀቱ የጸናብኝ መስሏት ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረችልኝ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ማሽን ቢኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ታደሰ እባላለሁ። የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር። ቤታችን ውስጥ ከማንኪያ ይልቅ መፍቻ ይበዛ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። ስለዚህ መብራት ሥራ ስገባ ሙያው በውርስ የደረሰኝ ያህል ተሰማኝ። አብዲ ደግሞ የሐርላ ገጠር ልጅ ነው። እሱ ባደገበት መንደር መብራት አልነበረም፤ ማብሪያ ማጥፊያ የነካው ለትምህርት ከተማ ሲገባ ነው። በአንድ ቀን ተቀጥረን በአንድ ቡድን ተመደብን። በመጀመሪያው ሳምንት ምሰሶ አወጣጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እኔ ካልጻፍኩት ማንም ስለማይጽፈው ነው።

ጥቂት ዓመት ምሰሶ ለምሰሶ ስንንጠላጠል ቆየን። ደሞዙ ትንሽ፣ የሚሞላው ፎርም ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አላወራም። አንድ ቀን የሰብስቴሽኑ ኃላፊ አው ያሲን ሁለት ሰው ፈልጎ ወደ መስመር ቡድኑ መጣ፤ እኔንና አብዲን ወሰደን። ሐረሪዎች የሚያከብሩትን ትልቅ ሰው አው ይሉታል፤ እኛም ከእነሱ ወስደን እንዲሁ እንጠራው ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ስፍራ ስለሌለው በአፌ አንተ እያልኩት ነው የኖርኩት። አሁን በጽሑፍ አንቱ ብለው ከመቃብሩ የሚስቅብኝ ይመስለኛል።

አው ያሲን በመጀመሪያው ቀን ያስተማረን ነገር እስከ ዛሬ የሙያው ሁሉ ሥር ነው። ካውያ ቢበላሽ መጥፋት ያለበት የዚያ ክፍል መብራት እንጂ የሰፈሩ አይደለም አለን። ከተማም እንዲሁ ነው። ሽቦ ሁልጊዜ ይበጠሳል፣ አሞራ ሁልጊዜ ያርፍበታል፣ ንፋስ ሁልጊዜ ይነፍሳል፤ በዚህ ምክንያት ከተማ አይጨልምም። ከተማ የሚጨልመው የታመመው መስመር በቶሎ ተለይቶ ሳይቆረጥ፣ በእኛ አነጋገር ሳይጣል፣ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ትንሹን መጣል ያለበት ብሬከር የሚባለው ማቋረጫ ስለዘገየ ከበላዩ ያለው ትልቁ ብሬከር ይወድቃል፤ እሱ ሲወድቅ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። ትንሹ ይውደቅ፣ ትልቁ ይቁም ይል ነበር። የትኛው በስንት ሰከንድ እንደሚወድቅ የምትወስነው ሪሌይ የምትባል መስታወት ፊት ያላት ሳጥን ናት። በውስጧ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ መዘውር አለች፤ በጣት ትዞራለች።

አው ያሲን ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው አጭር የወይራ ዱላውን ይዞ ትራንስፎርመሩን መስማት ነው። አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍንና ሐኪም በሽተኛ እንደሚያዳምጥ ያዳምጣል። ሁለተኛው ደግሞ የፈረቃ ርክክቡ ነው። ወጪውና ገቢው ሠራተኛ አብረው ከመጀመሪያው ሪሌይ እስከ መጨረሻው ይዞራሉ። ወጪው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ገቢው በራሱ ዓይን አይቶ ይደግማል። ከዚያ በኋላ ብቻ መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ። ሌላ ጣቢያ ያሉ ባልደረቦቻችን የቁርዓን ቤት ልጆች እያሉ ይቀልዱብን ነበር፤ አው ያሲን ግን አንድም ቀን አላስቀረውም።

ቅናቴ የጀመረው በዱላዋ ነው። በመጀመሪያው ወር ሁለታችንንም በተራ አሰማን። ለእኔ እም የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። አብዲ ረጅም ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣ የንብ ቀፎ ይመስላል፣ ግን አንዷ ንብ ታማለች አለ። አው ያሲን ሳቀ። በኋላ ሲፈተሽ የአንዱ ማቀዝቀዣ ብሎን ላልቶ ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱላዋ መጀመሪያ ለአብዲ ትሰጣለች፣ ከዚያ ለእኔ። ነገሩ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ የመካኒክ ልጅ ነኝ፤ እሱ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ነው። ጆሮው ለምን ለእሱ ተሰጠ እያልኩ ስንት ቀን እንቅልፍ እንዳጣሁ ለባለቤቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል። አብዲን ፈጣሪ አላሳጣውም፤ ከአንድ ሳህን አብሮት የሚበላ ምቀኛ ሰጠው። እሱ ግን አያውቅም ነበር። ሚስቴ ስትወልድ ሙክት ጎትቶ የመጣው እሱ ነው። አባቴ ሲሞት ለሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያደረው እሱ ነው። ደግነቱ ራሱ ያናድደኝ ነበር፤ ሰው በሚቀናበት ሰው ላይ አንድ ጥፋት ሲያጣ ይብስበታል።

በዚያ ላይ ሰሌዳው መጣ። አዲስ የተሾመ ሥራ አስኪያጅ በእያንዳንዱ ፈረቃ ስንት ጊዜ መስመር እንደወደቀ እያስቆጠረ በየወሩ መጨረሻ በሰሌዳ ላይ ማስለጠፍ ጀመረ። ጥቂት የወደቀበት ይመሰገናል። አው ያሲን ይህን ነገር አልወደደውም፤ የወደቀ መስመር ሥራውን የሠራ መስመር ነው፣ ንፋስ በሰው ተራ አይነፍስም ብሎ ተከራከረ። የሰማው የለም። እኔ ግን ሰሌዳውን ከደሞዜ በላይ እጠብቀው ነበር፤ በየወሩም ከላይ የማየው የአብዲን ስም ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ከሁለት ቀን በፊት የሳቢያን ሰፈር መስመር ሪሌይ መፈተሽ ነበረባትና አብዲ ከፍቶ ፈትሿት ነበር። ከፍተሻ በኋላ መስታወቷ በሽቦ ይታሸጋል፤ ማሸጊያው አልቆ ስለነበር እስኪመጣ ሳትታሸግ ቆየች። በዚያን ቀን ጠዋት ፈረቃዬን እንደጀመርኩ አንድ ዜና ሰማሁ። ስለ መስመር ጥበቃ የሚሰጥ የውጭ አገር ስልጠና መጥቶ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነውና፣ አው ያሲን አብዲን መርጦታል። ለእኔ ማንም አልነገረኝም፤ ከዘበኛው ነው የሰማሁት።

ያን ዕለት ድሬ አቧራ ለብሳለች። ንፋሱ ሽቦ ከሽቦ እያጋጨ የሳቢያንን መስመር ገና ረፋድ ሳይሆን ሁለቴ ጣለብኝ። ሁለቴ መዘገብኩ። ሦስተኛ ጊዜ ልመዘግብ ነው እያልኩ ሰሌዳው ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ሄጄ መስታወቱን ከፈትኩና መዘውሯን ሩብ ዙር አዞርኳት። ትርጉሙ ይህ ነው፤ ሪሌይዋ ብልሽት ብታይ ቶሎ አትጥልም፣ ትታገሣለች። ሽቦዎቹ ተጋጭተው ቢለያዩ እንዳላየች ታልፋለች። እውነትም መስመሩ ከዚያ በኋላ አልወደቀም። በልቤ እንዲያውም ብልህ ነኝ አልኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አብዲ ሊረከበኝ መጣ። ከቀፊራ ገበያ ሐሉዋ ገዝቶ በወረቀት ይዟል፤ ለስልጠናው ደስታ ነው። መጀመሪያ ያቀረበው ለእኔ ነው። ጣፋጩን ተቀብዬ አፌ ውስጥ አደረግኩ። እንደ ልማዳችን እንዙር አለ። ብንዞር የሳቢያን ሪሌይ ፊት መቆማችን ነው፤ ቁጥሩን ላነብለት ነው፤ እሱም ሊያይ ነው።

"ሁሉም እንደነበረ ነው፤ ፈርምና ተቀመጥ" አልኩት።

"እንዙር እንጂ፣ አቦ።"

"ዛሬ እንኳ እመነኝ፣ አብዲ። በደስታህ ቀን አታዙረኝ።"

ትንሽ አመነታ። ከዚያ ፈገግ አለና ፈረመ። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ሳይዞር ያልፈረመ ሰው፣ ሰው እንዳይቀየመው ብሎ ፈረመ። ሰዎች ሲሰሙ መዘውሯን ረስተሃት ይሆናል እንዲሉኝ እፈልጋለሁ። አልረሳኋትም። ማታ ርክክብ ከመድረሱ በፊት ተመልሼ ማንም ሳያይ እመልሳታለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።

ቤቴ ደርሼ ጋደም እንዳልኩ ማራገቢያው ቆመ። መብራት መጥፋት ለድሬ ሰው አዲስ አይደለምና ባለቤቴ ቀና ብላም አላየችም። እኔ ግን ወደ ውጪ ወጣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው ወዳጄ ስልክ ደውሎ እዚያም ጠፍቷል አለኝ። ለገሃሬ ሰፈርም ጠፍቷል። ትልቁ ወድቋል ማለት ነው።

እየሮጥኩ ጣቢያው ደረስኩ። ንፋሱ የአንድ ቤት ቆርቆሮ ገንጥሎ የሳቢያን መስመር ላይ ጥሎታል፤ ቆርቆሮው ሽቦዎቹን አያይዞ እዚያው ቀረ። በደህናው ቀን ቢሆን ሪሌይዋ ወዲያው ትጥለውና ሳቢያን ብቻ ይጨልም ነበር። እሷ ግን እኔ እንዳዘዝኳት ታገሠች። እሷ ስትታገሥ ያ ሁሉ ኃይል በትራንስፎርመሩ ሆድ ውስጥ እየጋየ አለፈ፣ በመጨረሻ ትልቁ ብሬከር ወደቀ። ግቢው የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። አው ያሲን መስታወቱን ከፍቶ፣ በባትሪ መዘውሯን እያየ ቆሟል። ማን እንደነካት ጠየቀ።

አብዲ ፊቱ አመድ መስሏል። "ከትናንት ወዲያ የፈተሽኳት እኔ ነኝ" አለ። "ሳልመልሳት ቀርቼ ይሆናል። ወላሂ አላስታውስም።"

ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ትራንስፎርመሩን ሄጄ ልየው የሚል ቃል ነው።

ከተማዋ ሦስት ቀን ጨለመች። ድሬ ውሃዋን የምትጠጣው ከጉድጓድ በፓምፕ ተስቦ ነውና መብራቱ ሲሄድ ውሃውም ሄደ። ሴቶች ደቻቱ ወርደው አሸዋ እየቆፈሩ በጀሪካን ቀዱ። ቀፊራ ላይ የግመል ወተት በየዕቃው ተበላሽቶ ተደፋ። እናቶች ሕፃናትን እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በረንዳ ላይ አስተኙ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤቴ ባዶ ጀሪካን ይዛ አስቆመችኝና፣ አንተ የመብራት ሰው ነህ፣ የማን ጥፋት ነው አለችኝ። የአንድ ልጅ ስህተት ነው ይባላል አልኳት። ይህን በጆሮዬ ሰማሁት፤ የራሴ ድምፅ ነበር።

መርማሪዎች መጡ። አብዲ የፈተሻት ሪሌይ፣ ያልታሸገች፣ የአብዲ ፊርማ ያለበት ርክክብ። ከዚህ ወዲያ መርማሪ ምን ይፈልጋል። በመሃል የተረካከቡት ፈረቃዎች ቁጥሩን ሳያዩ በልማድ ደግመውታል ተባለ፤ እኔም አልተቃወምኩም። አብዲ ወደ ምሰሶ ሥራ ተመለሰ። አው ያሲን ሳትታሸግ ለምን ተውካት ተብሎ ከሁርሶ ወዲያ ወዳለ ትንሽ ጣቢያ ተላከና ጡረታ እስኪወጣ አንድ ትራንስፎርመርና አንድ ዘበኛ ይዞ እዚያ ተቀመጠ። ስልጠናው ባዶ እንዳይቀር ሌላ ሰው ተፈለገ። የተገኘሁት እኔ ነኝ። ሻንጣዬን ስሸክፍ አብዲ መጥቶ መልካም መንገድ አለኝ።

የምስክር ወረቀት ይዤ ተመለስኩ፤ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። አብዲ ጥቂት ዓመት ምሰሶ ላይ ከቆየ በኋላ ሰው ሲያጥር ወደ ጣቢያው መለሱት። ያኔ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። አንድ ነገር ሳያይ አያምንም። የአው ያሲንን ርክክብ በጽሑፍ ደንብ አድርጎ ሁለት ፊርማና አንድ ምስክር ጨመረበት። የውሃ ፓምፖቹ የራሳቸው መስመር ይኑራቸው ብሎ ዓመታት ጨቀጨቀ፣ አስፈቀደም። አንዱ መስመር ሲወድቅ ጎረቤቱ እንዲያበላው ሁለት ሁለቱን የሚያገናኝ ማብሪያ አስተከለ። ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ሽቦውን በሚይዙት የሸክላ ሲኒዎች ላይ የተጋገረው አቧራ ካልታጠበ፣ ካፊያው ሲነካው እሳት እንደሚያስነሳ አውቆ በየዓመቱ ያስጠርግ ነበር። ብሬከሮቹን የሚያዝዘውን ባትሪ በየሳምንቱ ራሱ ይለካል። ከተማዋ ከዚያ በኋላ መብራት ጠፍቶባታል፤ እንደዚያ ግን ጨልማ አታውቅም። ስልጠናውን የሄድኩት እኔ፣ የተማረው እሱ። ጊዜው ሲደርስ ከእኔ በላይ ተሾመ። ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያን ሁሉ አድርጌበት፣ ያም ሆኖ ቀናሁ።

አው ያሲን ታሞ ሐረር ጀጎል ውስጥ እህቱ ቤት እንደተኛ ስሰማ ልጠይቀው ሄድኩ። ልነግረው አስቤ ነበር፤ በመንገድ ላይ ቃሉን እያዘጋጀሁ ነው የሄድኩት። እጄን ያዘና የመጀመሪያ ጥያቄው አብዲ ለምን አይመጣም የሚል ሆነ።

"አፍሮኝ ነው የቀረው" አለ። "አልተቀየምኩትም በለው። ይምጣ፣ ልየው።"

እሺ አልኩት። ይዤው የሄድኩት ቃል እዚያው ሞተ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ስመለስ የማስበው ስለ ሕመሙ አልነበረም። የሄድኩት እኔ፣ የጠየቀው ስለ እሱ፤ ይህን ነው ሳመላልስ የነበረው። መልእክቱን ዛሬ ነገ እያልኩ ሳላደርስ ሳምንታት አለፉ፣ አው ያሲንም አረፈ። ቀብሩ ላይ አብዲ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ግንብ ተጠግቶ ቆሞ አየሁት። ሬሳውን ለመሸከም አልቀረበም።

እኔ ጡረታ ወጥቼ ጥቂት ወራት እንደቆየሁ አብዲ ደወለልኝ። አዲስ ተቀጣሪዎች ስልጠና ላይ ናቸው፣ እንደ ሽማግሌ መጥተህ ተቀመጥልኝ አለኝ። ሄድኩ። አዳራሹ በወጣት ተሞልቷል። አብዲ ስለ ከተማ መጨለም ሊያስተምር ተነሣና በራሱ ጀመረ። ድሬን ሦስት ቀን ያጨለምኳት እኔ ነኝ አላቸው። የፈተሽኳትን መዘውር ሳልመልስ ሄድኩ፣ መምህሬን ከሥራው አፈናቀልኩ፣ ይቅርታ ልጠይቀው ፊቱን ለማየት አፍሬ ሳልጠይቀው ሞተ አላቸው። ጥፋቱን በዓመት በዓመቱ ለየአዲሱ ሰው ሲናገር እንደኖረ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሲጨርስ ልጆቹ ተነሥተው አጨበጨቡለት። አንዳንዶቹ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

እኔም ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ውስጤ ግን ይነድዳል። እንዲያ የሚያጨበጭቡለት ጥፋት የእኔ ነው። የራሴን ጥፋት እንኳ ከእኔ በተሻለ ተሸከመው ብዬ ቀናሁበት። በንስሐ ነው የተናዘዝኩት ብል ደስ ይለኛል፤ ውሸት ነው። ምላሴን የፈታው ቅናት ነው።

ሲወጣ ግቢው ውስጥ አስቆምኩትና ነገርኩት። ሩብ ዙር ማዞሬን፣ እመነኝ ብዬ ማስፈረሜን ነገርኩት። ከዚያ የአው ያሲንን መልእክት ነገርኩት። ያን ጊዜ የመኪናውን በር ያዘ። መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሊሞት ሳምንታት ሲቀሩት አልኩት። ይምጣ፣ ልየው ብሏል ወይ አለኝ። ብሏል አልኩት።

"ነገ ጠዋት ተመለስ" አለኝ። "ለልጆቹ ውሸት ነው ያስተማርኳቸው። አንተ ቆመህ ታስተካክለዋለህ።"

በማግስቱ ቆምኩ። ሩብ ዙሯን፣ ሰሌዳውን፣ ሐሉዋውን፣ እመነኝ ያልኩትን፣ ሐረርን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አብዲ ከፊት ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር። ስጨርስ አንድም እጅ አላጨበጨበም። ከኋላ አንዲት ልጅ ጥያቄ አለኝ ብላ እጇን አወጣች። ልመልስላት ተዘጋጀሁ፤ ጥያቄው ግን ለአብዲ ነበር። ከዚህ ሰው ጋር ያን ሁሉ ዓመት እንዴት አብረህ ሠራህ አለችው።

አብዲ ቀና ብሎ አየኝ።

"አላውቀውም ነበር" አላት። "ትናንት ነው የተዋወቅነው።"

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው ሄደና የዕለቱን ትምህርት ጀመረ።